በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ላይ የዋይፋይ ሲግናል መድከም

የዋይፋይ ሲግናል መድከም ማለት ከራውተር የሚሰራጨው የሬዲዮ ሞገድ ኮምፒዩተሩ ዘንድ ሲደርስ መረጃን ያለ ስህተትና በበቂ ፍጥነት ለማስተላለፍ የማይበቃ ሆኖ መገኘት ነው። ችግሩ ዋይፋይ በሚጠቀም በማንኛውም መሣሪያ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ላይ ግን የራሱ የሆኑ መንስኤዎች አሉት። የስልክና የላፕቶፕ አንቴና በመሣሪያው ጠርዝ ወይም በስክሪኑ ዙሪያ ስለሚቀመጥ ሞገዱን የሚጋርደው ነገር ትንሽ ነው፤ ተጠቃሚውም ሲግናል ሲጠፋበት መሣሪያውን ይዞ ቦታ ይቀይራል። ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛ ሥር፣ ግድግዳ ተጠግቶ የሚቀመጥ የብረት ሳጥን ነው፤ አንቴናው ደግሞ ከዚሁ ሳጥን በስተጀርባ ይገኛል። በዚህ ምክንያት ክፍሎችን አቋርጦ በደህና የደረሰ ሞገድ በመጨረሻዋ ግማሽ ሜትር ላይ ሊዳከም ይችላል።

የችግሩ የተለመደ ምልክት በአንድ ክፍል ውስጥ ስልኩ ያለ ችግር ሲሠራ ኮምፒዩተሩ መቆራረጡ ነው። ብዙ ተጠቃሚዎች በዚህ ጊዜ አዲስ ራውተር ይገዛሉ ወይም የበለጠ ፍጥነት ያለው የኢንተርኔት ጥቅል ይከፍላሉ። ይሁንና ከፍ ያለ ጥቅል በአንቴናው አካባቢ ያለውን ሁኔታ አይለውጥም፤ አዲስ ራውተርም ብዙ ጊዜ አይለውጠውም። የችግሩን ቦታ ለይቶ ማወቅ የሚቻለው በመለካትና በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ በመቀየር ነው፤ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ከአንድ የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ዋጋ አይበልጥም።

የሲግናል አለካክ

የሲግናል ጥንካሬ የሚለካው ዲቢኤም በሚባል መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ የደረሰውን ኃይል ከ1 ሚሊዋት፣ ማለትም ከአንድ ዋት አንድ ሺህኛ ጋር ያወዳድራል። 0 ዲቢኤም ልክ 1 ሚሊዋት ነው። ኮምፒዩተር ዘንድ የሚደርሰው ሞገድ ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ጠንካራ ነው። ስለዚህ -50 ዲቢኤም ከ-80 ዲቢኤም የተሻለ ነው።

መለኪያው ሎጋሪዝማዊ ነው። 3 ዴሲቤል ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ግማሽ፣ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ወደ አንድ አሥረኛ፣ 20 ዴሲቤል ሲቀንስ ደግሞ ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል። ከ-60 ወደ -70 መውረድ በቁጥር ትንሽ ቢመስልም ዘጠኝ አሥረኛው ኃይል ጠፍቷል ማለት ነው።

በተግባር የሚያጋጥሙት መጠኖች በግምት እንዲህ ይመደባሉ፦

• ከ-30 እስከ -50፦ እጅግ ጠንካራ፤ ኮምፒዩተሩ ከራውተሩ ጋር በአንድ ክፍል ሲሆን የሚገኝ።
• ከ-50 እስከ -60፦ ጥሩ፤ ለማንኛውም አገልግሎት የሚበቃ።
• ከ-60 እስከ -67፦ ለቪዲዮና ለድምፅ ጥሪ የሚበቃ።
• ከ-67 እስከ -75፦ ደካማ፤ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ ቪዲዮ ግን ሊቆራረጥ ይችላል።
• ከ-80 በታች፦ ግንኙነቱ የሚቋረጥበት ወይም ጨርሶ የማይጀመርበት ደረጃ።

ዊንዶውስ የሲግናልን መጠን በመቶኛ ሲያሳይ የሚከተለው ስሌት የተለየ ነው። ማይክሮሶፍት በገለጸው አሠራር 0 በመቶ የ-100 ዲቢኤም፣ 100 በመቶ ደግሞ የ-50 ዲቢኤም አቻ ነው፤ በመካከል ያለው በእኩል ይከፋፈላል። በዚህ ስሌት 50 በመቶ ማለት -75 ዲቢኤም ነው። «ግማሽ» ሲባል መካከለኛ ቢመስልም በእውነቱ ደካማ ሲግናል ነው። ለጥሩ ጥሪ የሚያስፈልገው -67 ዲቢኤም በመቶኛ 66 ይሆናል።

ጥንካሬው ብቻውን ግን ሙሉውን ሁኔታ አይናገርም። በአካባቢው ያሉ ኤሌክትሪክ ነክ መሣሪያዎችና የተቀባዩ ካርድ ራሱ የሚፈጥሩት ረባሽ ሞገድ አለ፤ ይህም በሙያው ቋንቋ ጫጫታ ይባላል። ጸጥ ባለ ክፍል በሹክሹክታ መግባባት ይቻላል፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ግን የሚጮኽ ሰውም ላይሰማ ይችላል። ለግንኙነት ወሳኙ ነገር ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ጸጥ ባለ አካባቢ ጫጫታው -95 ዲቢኤም አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ ከ25 ዴሲቤል በላይ ሲሆን ግንኙነቱ ጥሩ ነው፤ ከ10 ዴሲቤል በታች ሲወርድ ፍጥነቱ በጣም ያንሳል ወይም ግንኙነቱ ይቋረጣል። በስክሪኑ ጥግ የሚታየው የዋይፋይ ምልክት የሚያሳየው ጥንካሬውን እንጂ ጫጫታውን አይደለም። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ኢንተርኔቱ የሚቆራረጠው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሞገዱ በመንገድ ላይ የሚቀንስበት መጠን

ሞገድ ከአንቴና ሲወጣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚበተን በርቀት ይሳሳል። በክፍት ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ሲግናሉ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ግድግዳ ሲያጋጥመው ከፊሉ ይንጸባረቃል፣ ከፊሉ ይዋጣል፣ ቀሪው ያልፋል። ቀጭን የእንጨት ወይም የጂፕሰም ክፍልፋይ ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል ያህል ብቻ ሲወስድ የጡብና የብሎኬት ግድግዳ ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ብረት የተቀበረበት ወፍራም ኮንክሪት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ብረት ሞገድን አያሳልፍም፤ ያንጸባርቀዋል።

በዚህ ረገድ የቤቱ አሠራር ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ቤቶች የክፍሎቹ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ብሎኬት ሲሆን ዓምዱና ወለሉ ብረት ያለበት ኮንክሪት ነው፤ ስለዚህ ሞገድ ከፎቅ ወደ ፎቅ ከማለፍ ይልቅ በአንድ ፎቅ ላይ ከክፍል ወደ ክፍል ማለፍ ይቀለዋል። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ደረቅ ሲሆን ሞገዱን በመጠኑ ያሳልፋል፤ ውሃ ሞገድን ስለሚውጥ እርጥበት ሲይዝ ግን ይብስበታል። በግቢ ውስጥ ባለ ሰርቪስ ቤት ላይ የቆርቆሮ ግድግዳ ወይም የብረት በር በመካከል ካለ ሞገዱ የሚገባው በመስኮትና በክፍተት በኩል ነው።

የቅናሹን መጠን በአንድ ምሳሌ ማስላት ይቻላል። ራውተሩ በ2.4 ጊጋኸርዝ በ100 ሚሊዋት፣ ማለትም በ20 ዲቢኤም ያሰራጫል እንበል። የመጀመሪያዋ 1 ሜትር 40 ዴሲቤል ያህል ትወስዳለች፤ 10 ሜትር ላይ ጠቅላላው ቅናሽ 60 ዴሲቤል ይሆናል። ከ20 ላይ 60 ሲቀነስ -40 ዲቢኤም ይቀራል። በመካከል ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ቢኖርና እያንዳንዱ 8 ዴሲቤል ቢወስድ ሲግናሉ -56 ዲቢኤም ይሆናል፤ ይህ አሁንም ጥሩ ነው። ነገር ግን አንቴናው በብረት ሳጥኑና በግድግዳው መካከል ተወትፎ ተጨማሪ 15 ዴሲቤል ቢያጣ -71 ዲቢኤም ይደርሳል። ሁለቱ ግድግዳዎች በድምሩ 16 ዴሲቤል ወስደዋል፤ የአንቴናው አቀማመጥ ብቻውን ከዚያ የማይተናነስ ወሰደ። ተጠቃሚው ግድግዳውን ማፍረስ አይችልም፤ አንቴናውን ግን ማንቀሳቀስ ይችላል።

የፍሪኩዌንሲ ባንዶች

የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በ1985 (እ.ኤ.አ.) የተወሰኑ የፍሪኩዌንሲ ክልሎች ያለ ፈቃድ ለዚህ ዓይነቱ ግንኙነት እንዲውሉ ከፈቀደ በኋላ የመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ 802.11 በ1997 ወጣ። የመጀመሪያ ፍጥነቱ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ነበር። በ1999 የወጣው 802.11ቢ በ2.4 ጊጋኸርዝ 11 ሜጋቢት፣ በዚያው ዓመት የወጣው 802.11ኤ ደግሞ በ5 ጊጋኸርዝ 54 ሜጋቢት አስቻለ። ዛሬም አብዛኞቹ ራውተሮች በእነዚሁ ሁለት ባንዶች ይሠራሉ።

የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ግድግዳን በተሻለ ሁኔታ ያልፋል፣ ርቀትም ይሄዳል። ችግሩ ክልሉ ጠባብና የተጨናነቀ መሆኑ ነው። ብሉቱዝ፣ ገመድ አልባ ማውዝና ኪቦርድ፣ እንዲሁም በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራው ማይክሮዌቭ ምድጃ በዚሁ ክልል ይገኛሉ። የ5 ጊጋኸርዝ ባንድ ሰፊና የበለጠ ጸጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን በተመሳሳይ ርቀት በክፍት ቦታ እንኳ ከ6 እስከ 7 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ይደርሳል፤ በግድግዳም ይበልጥ ይዋጣል። በዚህ ምክንያት በአንድ ክፍል ውስጥ 5 ጊጋኸርዝ፣ ሁለትና ሦስት ግድግዳ ሲያልፍ ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

በዴስክቶፕ ላይ የሚከሰቱ ልዩ መንስኤዎች

የአንቴናው ቦታ። ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ዋይፋይ የሚያገኘው በሦስት መንገድ ነው፦ በማዘርቦርድ ላይ በሚሰካ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ በመጣ አነስተኛ ካርድ፣ ወይም በዩኤስቢ በሚሰካ ትንሽ አስማሚ። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንቴናዎቹ በሳጥኑ ጀርባ በሚገኙ የብረት ጥርሶች ላይ ይጠመዘዛሉ። ሳጥኑ በራውተሩና በአንቴናው መካከል ሲቆም እንደ ግርዶሽ ያገለግላል።

ያልተገጠመ አንቴና። ብዙዎች ዋይፋይ ያለው ማዘርቦርድ ከገዙ በኋላ ከካርቶኑ ውስጥ የሚገኙትን አንቴናዎች ሳይገጥሙ ይቀራሉ። ያገለገለ ኮምፒዩተር ሲገዛ ደግሞ አንቴናዎቹ ጠፍተው ሊገኙ ይችላሉ። ካርዱ ያለ አንቴናም በአቅራቢያው ያለን ራውተር ሊያይ ስለሚችል ጉድለቱ በቀላሉ አይታወቅም፤ የሚታየው ሲግናሉ ከራውተሩ በጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ ጭምር መድከሙ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ካርዱን ከውጭው ጥርስ ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ሽቦዎች መላቀቅም ተመሳሳይ ውጤት አለው።

ትናንሽ የዩኤስቢ አስማሚዎች። የጣት ጥፍር የሚያክሉት አስማሚዎች አንቴናቸው እጅግ ትንሽ ነው። በሳጥኑ ጀርባ ሲሰኩ ከብረቱ ጋር ተጣብቀው ስለሚቀሩ ሲግናላቸው ይበልጥ ይወርዳል።

የዩኤስቢ 3.0 ጫጫታ። ዩኤስቢ 3.0 መረጃን በሴኮንድ 5 ጊጋቢት ሲያስተላልፍ የሚያመነጨው ረባሽ ሞገድ የ2.4 ጊጋኸርዝን ክልል ይሸፍናል። ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ በዩኤስቢ 3.0 የተገናኘ ሃርድ ዲስክ በአቅራቢያው ያለውን ጫጫታ በ20 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል አሳይቷል። ከላይ ባለው ምሳሌ ላይ ይህ ቢጨመር ጫጫታው ከ-95 ወደ -75 ከፍ ይላል፤ -71 ከሆነው ሲግናል ጋር ያለው ልዩነትም ከ24 ወደ 4 ዴሲቤል ይወርዳል። በስክሪኑ ላይ ያለው የዋይፋይ ምልክት ግን አይለወጥም። ፋይል ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በሚገለበጥበት ሰዓት ብቻ ኢንተርኔት የሚቋረጥ ከሆነ፣ ወይም ገመድ አልባው ማውዝ የሚንቀረፈፍ ከሆነ መንስኤው ይህ ሊሆን ይችላል። የ5 ጊጋኸርዝ ግንኙነት በዚህ ብዙም አይነካም።

ድራይቨርና ኃይል ቁጠባ። ድራይቨር ካርዱንና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ራሱ የሚጭነው አጠቃላይ ድራይቨር ካርዱን ያሠራዋል እንጂ ሁሉንም ችሎታውን ላይጠቀም ይችላል። ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ካርዱ በየመካከሉ እንዲያንቀላፋ የሚያደርግ ቅንብርም አለ፤ ይህ ቅንብር ለባትሪ የተሠራ ስለሆነ ለዴስክቶፕ ብዙም አይጠቅምም።

ችግሩን ለይቶ ማወቅ

ከመለካት በፊት ምንም ነገር መግዛት አያስፈልግም። የሚከተሉት ፈተናዎች የችግሩን ቦታ ደረጃ በደረጃ ያጠብባሉ።

1. ስልክን ከኮምፒዩተሩ አንቴና አጠገብ፣ ልክ በዚያው ቦታ ማስቀመጥና ሁለቱንም በአንድ ባንድ ላይ ማገናኘት። በስልክ ላይ የሲግናልን ጥንካሬ በዲቢኤም የሚያሳዩ ነፃ መተግበሪያዎች አሉ። ስልኩም ደካማ ሲግናል ካገኘ ሞገዱ ቦታው ድረስ በበቂ ሁኔታ አልደረሰም፤ ስልኩ ጥሩ ሲግናል አግኝቶ ኮምፒዩተሩ ካላገኘ ችግሩ ያለው በካርዱ፣ በአንቴናው ወይም በድራይቨሩ ላይ ነው። ስልኩ በጠረጴዛው ላይ ጥሩ ሆኖ በጠረጴዛው ሥር የሚደክም ከሆነ ደግሞ የአንቴናው ቦታ ጥፋተኛ ነው።

2. ኮምፒዩተሩን፣ ወይም የዩኤስቢ ከሆነ አስማሚውን በላፕቶፕ ላይ ሰክቶ፣ ከራውተሩ 2 ወይም 3 ሜትር ርቀት ላይ መሞከር። በዚህ ርቀት ላይ ሲግናሉ ከ-60 በታች ከሆነ አንቴናው አልተገጠመም ወይም ካርዱ ተበላሽቷል ማለት ይቻላል።

3. ኮምፒዩተሩን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት። በገመድም ኢንተርኔቱ ዘገምተኛ ከሆነ ችግሩ ከዋይፋይ ሳይሆን ወደ ቤት ከሚገባው መስመር ነው፤ አንቴና ቢቀየር ለውጥ አይመጣም።

4. ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ የራውተሩን ምላሽ መለካት። ራውተሩ ቤት ውስጥ ስለሆነ በጤናማ ግንኙነት ምላሹ በጥቂት ሚሊሴኮንድ ይመለሳል። ምላሹ አንዴ 3፣ አንዴ 300 የሚሆን ወይም የሚጠፋ ከሆነ ገመድ አልባው ክፍል ታሟል። የራውተሩ ምላሽ የተስተካከለ ሆኖ የውጭ ድረ ገጽ ምላሽ ብቻ ከዘገየ ግን ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው።

5. ሰዓቱን መመልከት። ቀንና ሌሊት ያልተለወጠ ድካም የርቀት ወይም የግርዶሽ ምልክት ነው። ማታ ማታ ብቻ የሚብስ ከሆነ የጎረቤት ራውተሮች መጨናነቅ ወይም የኢንተርኔት መስመሩ መብዛት ሊሆን ይችላል፤ አራተኛው ፈተና ሁለቱን ይለያል።

ሰው ሲንቀሳቀስና በር ሲከፈት ሲዘጋ ሲግናል በጥቂት ዴሲቤል ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ቁጥር አያስተማምንም፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተመልክቶ አማካዩን መጻፍ ይሻላል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተቀየረ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም።

መፍትሔዎች

መፍትሔዎቹ ከሚቀለውና ወጪ ከሌለው ወደ ከባዱ ቢሞከሩ ይመረጣል።

አንቴናውን ማስተካከል። የካርዱ አንቴናዎች መኖራቸውንና በደንብ መጠምዘዛቸውን ማረጋገጥ ቀዳሚው ሥራ ነው። በትር መሰል አንቴና ሞገዱን የሚያሰራጨው መሃሉ ቀዳዳ እንዳለው ቦምቦሊኖ በዙሪያው ነው፤ በጫፉ አቅጣጫ የሚወጣው ሞገድ ደካማ ነው። ስለዚህ ራውተሩ በዚያው ፎቅ ላይ ካለ አንቴናው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት እንጂ ጫፉ ወደ ራውተሩ ማመልከት የለበትም። ሁለት አንቴና ካለ አንዱን ቀጥ፣ ሌላውን ዘንበል ማድረግ ከተለያየ አቅጣጫ ተንጸባርቆ የሚመጣውን ሞገድ ለመቀበል ይረዳል። ሳጥኑን ከግድግዳው ማራቅ ወይም ጀርባው ወደ ራውተሩ እንዲዞር ማድረግም ነፃ መፍትሔ ነው። የተንጸባረቁ ሞገዶች በቦታ ቦታ ስለሚደጋገፉና ስለሚጠፋፉ አንቴናውን ጥቂት ሳንቲሜትር ማንቀሳቀስ ብቻ ብዙ ዴሲቤል ሊጨምር ይችላል።

አንቴናውን ከሳጥኑ ማራቅ። ለዩኤስቢ አስማሚ 1 ወይም 2 ሜትር ማራዘሚያ ገመድ ተጠቅሞ ጠረጴዛው ላይ ወይም መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ከሁሉም ርካሽና ውጤታማ መንገድ ነው። በዩኤስቢ ገመድ ውስጥ የሚያልፈው ዲጂታል መረጃ ስለሆነ የሬዲዮ ሲግናሉ በገመዱ ርዝመት አይቀንስም፤ የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ከ5 ሜትር መብለጥ ግን የለበትም። ለካርድ ደግሞ መሠረቱ ማግኔት ያለውና በገመድ የሚወጣ አንቴና ይሸጣል። በዚህኛው ገመድ ውስጥ የሚያልፈው ራሱ የሬዲዮ ሞገዱ በመሆኑ ቀጭን ገመድ በየሜትሩ ከ1 ዴሲቤል በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ አጭሩ ይመረጣል።

ዩኤስቢ 3.0ን ማራቅ። የዋይፋይ አስማሚውንና የማውዙን መቀበያ ከዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክ ርቆ በሚገኝ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ላይ መሰካት፣ ወይም ወደ 5 ጊጋኸርዝ መቀየር ጫጫታውን ያስቀራል። የዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ሰማያዊ ነው።

የራውተሩን ቦታ መቀየር። ራውተር ወለል ላይ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ሞገዱ ከመነሻው ይታፈናል። ከፍ ባለ ቦታ፣ በተቻለ መጠን በቤቱ መካከል መቀመጥ አለበት። መስመሩ የሚገባው በቤቱ ጥግ ከሆነ ራውተሩን በረዘመ የኔትወርክ ገመድ ወደ መሃል ማምጣት ይቻላል።

ባንድና ቻናል መምረጥ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናሎቹ በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሚራራቁ አንዱ ቻናል ከአጠገቡ ካሉት ጋር ይደራረባል፤ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በአካባቢው ብዙም ያልተያዘውን መምረጥና ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ማድረግ ጭንቅንቁን ይቀንሳል። በብዙ አገሮች ቻናል 12 እና 13 ይፈቀዳሉ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ካርድ ግን እነዚህን ላያይ ስለሚችል ራውተሩ በእነሱ ላይ ከሆነ ኔትወርኩ ጭራሽ አይታየውም። ራውተሩ ሁለቱንም ባንዶች በአንድ ስም የሚያሰራጭ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ደካማውን 5 ጊጋኸርዝ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ለየብቻ ስም መስጠት ምርጫውን ለተጠቃሚው ይተዋል።

ድራይቨርን ማደስ። ድራይቨሩን ከካርዱ ወይም ከማዘርቦርዱ አምራች ማውረድ ይመከራል። በዊንዶውስ «ዲቫይስ ማኔጀር» በሚባለው ክፍል የዋይፋይ ካርዱን መርጦ «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ገጽ ኮምፒዩተሩ ካርዱን እንዳያጠፋ ማድረግ ይቻላል። ችግሩ ከዝመና በኋላ የጀመረ ከሆነ ወደ ቀድሞው ድራይቨር መመለስ ይሞከራል።

ሳጥኑን መክፈት የሚያስፈልግ ከሆነ አስቀድሞ ኮምፒዩተሩ መጥፋትና የኤሌክትሪክ ገመዱ መነቀል አለበት። በሰውነት ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን እንዳይጎዳ የሳጥኑን ብረት መንካት ይገባል። በካርዱ ላይ ያሉት የአንቴና ማያያዣዎች በጣም ትናንሽ ስለሆኑ ቀጥ ብለው ካልተጫኑ ይሰበራሉ።

የተለመዱ የተሳሳቱ አስተሳሰቦች

የራውተሩን ኃይል ከፍ ማድረግ ሁልጊዜ መፍትሔ ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። ዋይፋይ ግን የሁለትዮሽ ንግግር ነው። ኮምፒዩተሩ ለደረሰው መረጃ ሁሉ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ይልካል። ራውተሩ ቢጮኽና የኮምፒዩተሩ መልስ ባይሰማው መረጃውን ደጋግሞ ይልካል፤ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ፍጥነቱ ያንሳል። አንቴናን ማሻሻል ግን መላክንም መቀበልንም በአንድነት ይረዳል።

ትልቅ አንቴና ኃይል ይጨምራል የሚለውም በትክክል መታየት አለበት። አንቴና አዲስ ኃይል አይፈጥርም፤ ያለውን ወደ አንድ አቅጣጫ ያሰባስባል። በአንድ በኩል ያገኘውን በሌላ በኩል ያጣል። ከአንቴና ጀርባ የሚደረግ የአሉሚኒየም ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ በፊቱ ያለውን አቅጣጫ ሊያጠናክር ሲችል በጀርባው ያለውን ክፍል ያጨልማል።

ሪፒተር፣ ማለትም ሲግናልን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ፣ የሚጠቅመው ራሱ ጥሩ ሲግናል በሚያገኝበት ቦታ ሲቀመጥ ነው። ከኮምፒዩተሩ አጠገብ፣ ሲግናል በጠፋበት ቦታ ቢቀመጥ ደካማውን ግንኙነት መልሶ ከማሰራጨት ሌላ ሥራ የለውም። በአንድ ሬዲዮ ብቻ የሚቀበልና የሚያሰራጭ ሪፒተር እያንዳንዱን መረጃ ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ገመድ የሚመረጥበት ጊዜ

ዋይፋይ ለሚንቀሳቀሱ መሣሪያዎች ያለው ጥቅም ለዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ያን ያህል አይደለም። ካት 5ኢ የሚባለው የተለመደ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሴኮንድ 1 ጊጋቢት ያስተላልፋል፤ ግድግዳ፣ ጎረቤትና ማይክሮዌቭ አይነኩትም። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ዴስክቶፖች ባሉበት የኢንተርኔት ካፌ ወይም የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ገመድ ሌላም ጥቅም አለው፦ በዋይፋይ ሁሉም ኮምፒዩተሮች አንድን ቻናል በየተራ ስለሚጋሩ፣ ሲግናሉ የደከመ አንድ ኮምፒዩተር በዝግታ ሲልክ የሌሎቹንም ሰዓት ይወስዳል። ገመድ መዘርጋት በማይቻልበት ቤት ሁለት አስማሚዎችን በመጠቀም መረጃን በቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ማሳለፍ ይቻላል፤ ውጤቱ ግን በሽቦው ዕድሜና በአዘረጋጉ ይወሰናል። እነዚህ ሁለቱም በማይመቹበት ቦታ አንቴናውን ከብረት ሳጥኑ አርቆ ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ ቀዳሚው እርምጃ ሆኖ ይቀራል።